ጠያቂ በዛ፣ ልብስ አጣፊ ጠፋ

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ጥርስ እያወለቀች ነው፣ ትንሹ ጫማውን ማሰር ገና አልቻለም። ይህን የምጽፈው አይዟችሁ እንድትሉኝ አይደለም። የእኛ ሰው አጠያየቅ አንጀቴን ስላሳረረው ነው።

ኬሞ ከወሰደች ሳምንት ሲያልፋት ነጭ የደም ሴሏ ይወርዳል። ሐኪሞቹ ሙቀቷ 38 ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ ብለውናል። ለሌላው ቀላል ጉንፋን የሆነው እሷን ሆስፒታል ሊያስተኛት ይችላል። ይህንን ቴሌግራም ላይ ጽፌ ለሁሉም ልኬያለሁ። ማን ሰምቶ! እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ተሰብስበው ከች ይላሉ። አንዷ እያነጠሰች ነው የምትገባው። «ኧረ አለርጂ ነው፣ አትስጋ» ትለኛለች፣ ሶፍቱን አፍንጫዋ ላይ ይዛ።

ጠያቂ ከበር አይመለስ ነገር! እኔ መመለስ ጀምሬያለሁ። «ሚስቱን ደበቃት» ተብሎም ተወርቶብኛል።

የገቡት ደግሞ ይቀመጣሉ። እሷ እንግዳ ተቀምጦ እኔ እንዴት እተኛለሁ ብላ ሻሿን አስራ ትወጣለች። ሻሹን ሲያዩ ያለቅሳሉ። ታማሚዋ አልቃሾቹን ታባብላለች። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ታዝዝላታለች፣ ሌላዋ ስለ አክስቷ ትተርካለች። «እሷም እንዳንቺው ደህና ነበረች፣ ትስቅ ነበር፣ ከዛማ...» ወሬው የት እንደሚያልቅ ስለማውቅ በመሃል «ቡና ይፈላ?» እላለሁ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ስኒውን የማጥበውም እኔ ነኝ።

አንዱ ወዳጃችን ኩሽና ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ «ለመሆኑ ነግረዋታል?» ብሎ አንሾካሾከ። ኬሞ እየወሰደች! አገር ቤት ቢሆን ጥያቄው ያስኬዳል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ባልን ወይም ወንድምን ለብቻ ጠርቶ ይነግርና ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይደብቃል። እዚህ ደግሞ ውጤት እንደወጣ ለታማሚው እንዲደርስ ሕጉ ያዛል። ሐኪሟ ሳትደውልላት ውጤቱ ስልኳ ላይ ገባ። ልጁን ልታመጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ውስጥ ተሰልፋ ነበር። ያን ረጅም የበሽታውን የላቲን ስም ብቻዋን አነበበችው። ከኋላዋ ያለው መኪና ክላክስ እያደረገባት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አይጥመኝም። ግን ቢያንስ አሁን ሐኪሟን በራሷ አፍ ትጠይቃለች።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤት አለችን። ለዓመታት እጅ ከመነሳሳት ያለፈ ነገር አልነበረንም። ነገሩን ስትሰማ ለሰፈሩ ሰው የምግብ ተራ አወጣች። ምግቡን በረዶ መያዣ ሳጥን ውስጥ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ደወል እንኳን አይጫኑም፤ «በር ላይ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ ፊት ሳያይ ይመለሳል? እስካሁን ይከነክነኛል። ግን ሰኞ ማታ ልጆቹ ላዛኛ በልተው ተኝተዋል። የእኛዎቹ ያመጡት ቀይ ወጥ ነው። ኬሞው አፏን አቁስሎት ውሃ እንኳን እየለበለባት! ወጡን በላሁት፤ ግሩም ነበር።

አገር ቤት ጥየቃ እንዲህ መቀመጥ ብቻ አልነበረም። አጥሚት ይዛ የመጣች ሴት ነጠላዋን አደግድጋ በቀጥታ ወደ ጓዳ ነው የምትገባው። ልጆቹ ጎረቤት ቤት ያድራሉ። እህት ከክፍለ ሀገር መጥታ ትከርማለች። ማንም «ምን ላግዝ?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ስንሰደድ መቀመጡን ይዘን መጣን፣ ማደግደጉን ቦሌ ጥለነው።

የአገሩን ሕክምና እያሞገስኩ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከዳር አገር የመጣው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ ፍለጋና ወረፋ ሲያንገላታው ኖሯል። የማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ፣ በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመው፣ ለእንዲህ ያለው ሰው የደረሰለት ነው። እዚህ ሕክምናው አለ፣ የሚጎድለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የታመመ የትዳር አጋር ለማስታመም እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ሥራህ ይጠበቅልሃል፣ ደሞዝ ግን የለም። እኔ ቀን በቀን ቆራርጬ፣ እንደ በዓል ሥጋ እየቆጠብኩ ነው የምወስደው።

ሶፋው ላይ ታጥቦ የተከመረ ልብስ አለ። ጠያቂ ሲመጣ ወደ ዳር ገፋ አድርጎት ይቀመጣል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ እያወራ ካልሲ አያጥፍም! ሲወጡ ሁሉም በር ላይ «የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ እንዳታፍሩ» ይላሉ።

ባለፈው አላፈርኩም። የማክሰኞው ኬሞ ከትንሹ መውጫ ሰዓት ጋር ስለተጋጨ፣ ቴሌግራሙ ላይ «ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። የተጣጠፉ እጆች ምልክት ጎረፈልኝ። «በጸሎት አብረናችሁ ነን» አለች ባለ አለርጂዋ። አሜን ብያለሁ። መኪና ያለው ሰው ግን አሁንም እየፈለግኩ ነው።