እዚህ ለማስተማር ለሚመጡ ጡረተኞች
ከጡረታ በኋላ ባሕር ማዶ ሄዶ መጽሐፍ ቅዱስን በነፃ ስለማስተማር የሚመክር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጥሩ ተጽፏል። ግን ስለ ቪዛና ሻንጣ ያለውን ያህል ስለ መማሪያ ክፍሉ አላለም። አራት ኪሎ አካባቢ እንዲህ ያሉ መምህራንን ስለምቀበል ትንሽ ልጨምር።

መጀመሪያ ይረፉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቀጠሮ ሲይዙም ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በውጭ ይጠይቁ።

ዋናው ክፍሉ ነው። ተማሪዎቻችን አረጋዊ መምህር ፊት ዝም ይላሉ። አልወደዱኝም ብለው እንዳያዝኑ፣ አክብሮት ነው። ጥያቄው የሚጎርፈው ሻይ ላይ ነው። ቡና ከተፈላ ደግሞ እስከ በረካ ይቆዩ! የልብ ጨዋታ ያኔ ነው የሚመጣው።

ክርስትና እዚህ አገር ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። እባካችሁ ከባዶ እንደሚጀምር ሰው አትምጡ። የሌላ ቤተ እምነት ሰው ብትሆኑም አንድ እሑድ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅዳሴ ቁሙ። ረቡዕና ዓርብ ማን እንደሚጾም ሳታውቁ ምሳ አትጋብዙ።

የከተማችን ሰዎች ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ ከልጅ ልጅ ተለይቶ መኖር ከባድ ነው። የምታውቋቸው ካሉ ለበዓል ቤታችሁ ጥሯቸው።