አባባ ተስፋዬ ምን አስተማሩን? የጂንጆዋና የቆጪው ክርክር

ሁለቱም ጅማ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እሷ ጂንጆ ሰፈር ትኖራለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። እሱ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው፣ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በልጅነታችን በቴሌቪዥን ያየነው «የልጆች ጊዜ» ለኑሮ የሚሆን ነገር አስተምሮናል ወይ?

የጂንጆዋ፦

መልሴ አዎ ነው። አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ለእኔ ብቻ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም አንስተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። እናቴም እኔም የእሳቸው ልጆች ነን።

ግን እኔ መናገር የፈለግኩት ስለ ተረቱ አይደለም። ስለ እጃቸው ነው። ያያቸው ሁሉ እንደሚያስታውሰው አባባ ተስፋዬ አንድ እጃቸው አልነበረም።

አጎቴ በ1992 ዓ.ም ከግንባር ሲመለስ እሱም አንድ እጁን አጥቶ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ በሩ ጀርባ ተደብቄ ባዶውን የሸሚዝ እጅጌ አያለሁ። ሳሚው ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ለቀናት አልቀረብኩትም። ከዚያ አንድ ቀን ሁላችንም ቁጭ ብለን ፕሮግራሙ ተጀመረና አባባ ተስፋዬ በዚያች በአንድ እጃቸው ምትሃት ሲያሳዩ፣ ሲስቁ፣ ልጆቹን ሲያስቁ አየሁ፤ ዞር ብዬ አጎቴን አየሁት፣ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አየሁ፣ ተነስቼ ሄጄ ጭኑ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አልነገረኝም።

ዛሬ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ በክራንች ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሲመጣ ልጆቹ አፈጠጡበት። ስለ እሱ ንግግር አላደረግኩም። ተረት የመናገሩን ተራ ለእሱ ሰጠሁት። ይሄን ማንም ኮርስ ላይ አላስተማረኝም፣ ከዚያ ቀን ነው ያመጣሁት።

የቆጪው፦

እህቴ፣ የአጎትሽ ነገር አንጀቴን በልቶታል። አባባ ተስፋዬንም እወዳቸዋለሁ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም አረፉ ሲባል መጋዙን አስቀምጬ ነው የዋልኩት። ግን መልሴ አይደለም ነው።

እኔ እንደማስታውሰው ፕሮግራሙ ያስለመደን ቁጭ ብሎ መስማትን ነው። ትልቅ ሰው ያወራል፣ ልጅ ይሰማል። እናቱን ያልሰማው ግልገል በጅብ ተበላ፣ ተረቱ አለቀ፣ ምክሩ መጣ። እሺ ያለ ይድናል፣ እምቢ ያለ ይበላል። አምስተኛ ክፍል ሆነን አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት 54 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ ግማሹ መልሱ 56 መሆኑን ያውቃል። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሁላችንም 54 ብለን ገለበጥን። እኔ ይሄን ደብተር እስከዛሬ አልረሳሁትም፣ ምክንያቱም እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

ሌላም አለ። ስቱዲዮ የሚቀመጡት ልጆች የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ በአማርኛ ነው የሚዘፍኑት። የእኛ ሰፈር ልጅ ግማሹ እቤቱ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ነው። የቤቱ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማንንም አይመልሱም ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። በር ላይ በባልዲ ውሃ ያስቀምጣሉ፣ ጭቃችንን ታጥበን በተራ እንገባለን፣ ትንሹ ፊት፣ ትልቁ ኋላ። የመጣ እንግዳ ካለ ልጃቸው ራሷ ተነስታ ትለቅለታለች። እኔ ኑሮ የተማርኩት እዚያ ባልዲ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ሰበሰበን እንጂ አላስተማረንም።

የጂንጆዋ፦

ጋሼ፣ አማርኛው ላይ አልከራከርህም። ልክ ነህ፣ ብዙ ልጅ ከዚያ ክፍል ውጭ ቀርቷል። ዛሬ እኔ ክፍል ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ነው የምናወራው፣ እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ግማሾቹ ዝም ብለው በዋሉ ነበር።

ግን 54ቱን ለምን በአባባ ተስፋዬ ላይ ትጭናለህ? እሺ ማለትን ያስለመደን ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ ቁንጥጫው ነው። እሳቸው እኮ ልጅን ስቱዲዮ አስገብተው ተረት እንዲናገር ዕድል ይሰጡት ነበር። በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ልጅ ሲያወራ የሚሰማበት ሌላ ቦታ የት ነበር? እስቲ ንገረኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ወደ ጓዳ ነው የሚባለው።

ደግሞ ጊዜው ሲለወጥ ፕሮግራሙም ተለውጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ አሻንጉሊት ናት፣ ሥራዋ መጠየቅ ነው። ልጆቼ ከእሷ ጋር እጅ መታጠብን ሲለማመዱ ለምን ሳሙና እንደሚያስፈልግም ይጠይቁኛል። አንተ የምትፈልገው ጥያቄ እኮ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው የመጣው።

የቆጪው፦

ፀሐይ ጥሩ ናት፣ ልጄም በእሷ ነው ፊደል የወደደው። ቁንጥጫውንም አልክድም። ስቱዲዮ ገብቶ የተናገረው ልጅ ግን ጥቂት ነው፣ ሌሎቻችን ሰሚ ነበርን።

ለማንኛውም የእኔን ነገር ልጨርስ። እዚያ ቤት ከጎኔ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ። አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ አባባ ተስፋዬ በአማርኛ ሲያወሩ እኔ በጆሮው በኦሮምኛ አወራለታለሁ፣ ሰው እንዳይቆጣኝ በጣም ቀስ ብዬ። እሱ ታዲያ አይሰማም፣ ይጠይቃል። «ማሊፍ?» ይለኛል። ለምን? ጅቡ ግልገሉን በላው ስለው «ማሊፍ?»። ስላልታዘዘ ነዋ ስለው፣ አይ፣ ጅቡ እንዴት እንደተራበ ነው የጠየቅኩህ ይለኛል። እኔ ጅቡ ይራባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መልስ ስለሌለኝ እየፈጠርኩ እነግረዋለሁ፤ ድርቅ ነበር፣ ጫካው ተመንጥሮ ነበር፣ ልጆቹ ታመውበት ነበር። እቤት ስደርስ የእኔ ተረት ከአባባ ተስፋዬ ተረት ሌላ ሆኗል።

ኋላ እንጨት ሥራ ስገባም በዚያው ቀጠልኩ። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ታውቂያለሽ፣ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ እግሩ አይገጠምም። ሌሎቹ ለማጆች ባለሙያው ያሳየንን ይደግማሉ። እኔ ለምን አይገጠምም ብዬ ጠየቅኩ። ሰውየው ተገርሞ አየኝ፣ ከዚያ ቁጭ አድርጎ ስለ እንጨት ጅማት እስኪመሽ አወራኝ። ያንን ጥያቄ የሰጠኝ ጓደኛዬ ነው።

የጂንጆዋ፦

ተረቱ ባይኖር ምን ትተረጉምለት ነበር?

አየህ፣ አንተ የባልዲውን ነገር ትላለህ፣ የጓደኛህን ነገር ትላለህ፣ እኔ የእጃቸውን ነገር እላለሁ። ሁላችንም የያዝነው ምክሩን አይደለም፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። አሁንም ግን አልለቅህም። እሳቸው ባይጀምሩት ኖሮ አንተ ጆሮው ውስጥ የምታወራው ነገር አይኖርህም ነበር። እኔም ከበሩ ጀርባ አልወጣም ነበር። ያ ጓደኛህ አሁን የት ነው? እሱስ ምን ይላል?

የቆጪው፦

እዚሁ አለ፣ የጅማው መርካቶ ቡና ይነግዳል። አማርኛውም አሁን ከእኔ ይበልጣል። ይሄን ጽሑፍሽን ትናንት አነበብኩለት። የአጎትሽ ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አለ፣ ድጋሚ አንብበው አለኝ፣ አነበብኩለት። ከዚያ ምን እንደጠየቀኝ ልንገርሽ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥኑ ሲመጡ አጎትየው ራሱ ምን ተሰማው? አለ።

እኔ ልመልስለት አልቻልኩም። አጎትሽ በሕይወት ካለ ጠይቂልን።