ፓውንዱ ስንት መጣ?

ባለፈው ቅዳሜ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ከማደን ተመልሼ ጭቃ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የባለቤቴ ወንድም ስልኩን አውጥቶ ሂሳብ ጀመረ። "ደርሶ መልስ 300 ማይል። መኪናህ በጋሎን 20 ማይል ትሄዳለች። 15 ጋሎን ማለት ነው። ወደ 50 ዶላር!" ቀና ብሎ እጄን አየ። "ተርኪውስ?"

ተርኪው የለም።

"ታዲያ የሥጋው ፓውንድ ስንት መጣ?" አለና በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ለዜሮ እንደማይካፈል እንኳ አላሰበም።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ተርኪው ያለው ከተራራው ማዶ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቼ፣ አውራ ጎዳና 66ን ጨርሼ፣ 81 ላይ ወጥቼ፣ ሳይነጋ ዛፍ ተደግፌ እቀመጣለሁ። በሚያዝያ የሚፈቀደው ጢም ያለውን መምታት ብቻ ነው። ጢሙ ደግሞ አገጩ ላይ እንዳይመስላችሁ፣ ደረቱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አይለበስም። የወንዱ ራስ እነዚሁ ቀለሞች ስላሉት ሌላው አዳኝ ተርኪ መስለኸው ይተኩስብሃል። በገዛ አገሩ ጫካ የአሜሪካ ባንዲራ ቀለም ያስገድላል!

ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ሳጥን አለችኝ። መክደኛዋን ፈተግ ሳደርጋት እንደ ሴቷ ትጮሃለች። ወንዱ ከሸለቆው መለሰልኝ። ደገምኩ፤ ደገመ። ፀጉሬ ቆመ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ይህን ተረት ስወደው! ሁሉም የሚያዝነው ለዶሮዋ ነው። እኔ የሚገርመኝ መጫኛው ነው። የበቅሎ ጭነት የሚታሰርበትን ጠፍር ለአንዲት ዶሮ! የመጫኛውን ዋጋ ግን እስከ ዛሬ ያሰላ የለም።

የኔው አልተታለለም። 60 እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኔን ሳርገበግብ አየኝ መሰለኝ፣ ሄደ። ቀትር ሆነ። በአደኑ ወቅት መጀመሪያ ሳምንታት ከቀትር በኋላ መተኮስ ክልክል ነው።

አማቴ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አላቸው። "እንኳንም አመለጠህ ልጄ። ማን ባርኮ ያረደውን ልንበላ ነበር?"

እሳቸውስ እሺ። ልጃቸው ግን ስለ ጋዝ ሊያወራኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ማደያ ስንደርስ፣ ቧንቧውን መኪናው ላይ ስሰካ ሽንት ቤት ይመጣበታል። ቧንቧውን ስመልስ ይወጣል። ቡና ይዞ። አንድ ቡና! አንድ ቀን "ለጋዝ እንኳ ያዝ" ቢለኝ ምን ነበረበት? አልቀበለውም ነበር፤ ግን ይበል እንጂ። አሌክሳንድሪያ ክትፎ የጠፋ ይመስል ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የሚነዳውም እሱ ነው። ለክትፎ ሲሆን ቤንዚን ውሃ ነው። ያኔ ስልኩን አውጥቶ የጉርሻው ዋጋ ስንት እንደመጣ ሲያሰላ አላየሁትም።

የጀመርኩት ስለ ተርኪው ነበር፣ አይደል? 50 ዶላር ብዙ ነው፣ አልክድም። በኅዳር ሱፐርማርኬቱ ግዙፉን ተርኪ በረዶ አድርጎ ከዚያ ባነሰ ይሸጠዋል። ያ ግን ከሸለቆ አይመልስልህም።

ለዚህ ቅዳሜ ዓርብ ማታ ጋዝ ሞልቻለሁ። ብቻዬን። ሽንት ቤት የመጣበት ሰው አልነበረም።