ቲቪ ላይ 5 ደቂቃ፣ ቤት ውስጥ 40

የቴሌቪዥን የማብሰል ፕሮግራሞች ለዕለት ተዕለት ኩሽና አይሆኑም የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ትንሽ በዝቷል። ሙያው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ ሰውን የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። ሽንኩርቱን «5 ደቂቃ አቁላሉት» ይባልና ካሜራው ሲመለስ ቡናማ ሆኖ ይጠብቃል። በ5 ደቂቃ ቢለሰልስ ነው። ቡናማና ጣፋጭ እንዲሆን በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰሉ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው እሳቱን ይጨምራል፤ ዳር ዳሩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ምግቡም ይመራል።

ስጋም እንዲሁ ነው። በቤት ምድጃ 1 ኪሎ ስጋ አንዴ ከገለበጡበት መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ስጋው ውሃ ያወጣል፣ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። መጀመሪያ እርጥበቱን አድርቁት፤ 2 ወይም 3 ጊዜ ከፍላችሁ ጥበሱ፤ በቁራጮቹ መሃል የጣት ስፋት ክፍተት ይኑር። ዶሮ ከሆነ «ቀለሙን አይታችሁ አውጡ» የሚለውን ምክር እርሱት። የምግብ ቴርሞሜትር አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሰክታችሁ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ማየት ነው።

እነዚያ በትንንሽ ሳህን የተደረደሩት ነገሮች ደግሞ ረዳት የከተፋቸው ናቸው (ሳህኑንም የሚያጥበው አቅራቢው አይደለም)። እናንተ በአንድ ጊዜ ድስት የሚገቡትን በአንድ ሳህን አድርጉ፣ ይበቃል።

የቢላ አያያዝንና ሊጥ ሲታሽ መቼ እንደሚበቃው ግን ከየትኛውም የምግብ መጽሐፍ ይልቅ ቲቪ ያሳያል፤ የአብሳዩን እጅ ብቻ እያዩ፣ ድምፁን አጥፍቶም ቢሆን።