ፋኑን ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን ቁጠሩ

ስለ ኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «የኬዝ ፋን (የኮምፒውተሩን ሳጥን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) ያለማቋረጥ ከጮኸ ቀይሩት» ይላል። ኧረ ቆዩ! መጀመሪያ ከፋኑ የሚወጣውን ሽቦ ቁጠሩ። ሦስት ከሆነ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ቮልቴጁ ሲቀንስ ብቻ ነው። ፋኑ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ሶኬት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ «ፒደብሊውኤም» (ፍጥነትን በትእዛዝ ምልክት የሚቆጣጠር ሞድ) ላይ ከተቀመጠ ግን ሁልጊዜ ሙሉ 12 ቮልት ይለቃል፤ ትእዛዙ የሚሄደው በአራተኛው ፒን ነው፤ ባለ ሦስት ሽቦው ፋን ደግሞ ይህ ፒን የለውም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ ግቡ፣ የዚያን ሶኬት ሞድ ወደ «ዲሲ» (ፍጥነትን በቮልቴጅ የሚቆጣጠረው) ቀይሩና ሴቭ አድርጉ። ዝቅተኛውን ፍጥነት ግን ከ50 በመቶ በታች አታውርዱት። ቮልቴጁ ወደ 5 ሲጠጋ አንዳንዱ ፋን መነሳት ያቅተዋል፤ ክንፉ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ይቀራል።

አራት ሽቦ ኖሮት ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮህ ከሆነ የሚከተለው የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ሙቀት ይሆናል፤ ባዮስ ውስጥ የማዘርቦርዱን ሙቀት እንዲከተል አዙሩት። በስፕሊተር (አንዱን ሶኬት ለብዙ ፋን በሚያካፍል ገመድ) ፋን ስታበዙ ደግሞ ብዙው ሶኬት የሚችለው 1 አምፔር ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አስፋልት ባልገባበት መንገድ ዳር ያላችሁ፣ በበጋ የፊቱን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ አራግፉ። በብሎወር ስትነፉ ክንፉን በጣት ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ቡሽንጉ (ክንፉ የሚዞርበት ማቀፊያ) ይጎዳል።