የጫካ ቡናችን ከክምሩ ይለይ

ባለፈው ኅዳር ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ቡና ሰብሳቢ ደጃፍ ቆሜ ነበር። አንድ አባት ጆንያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እሸት ቡናው ተመዘነ፣ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፣ ቡናው ክምሩ ላይ ተገለበጠ። አለቀ። በዋንዛ ጥላ ሥር ያደገውም፣ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት ማሳ የመጣውም፣ እዚያው አንድ ሆነ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ክምር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ሕግ ቡናንም ይመለከታል። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተለቀመ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም። አስመጪው ማሳው የት እንዳለ በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፤ ገዢዎች ግን ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል።

ወደ አየር ለሚለቀቅ ካርቦን የሚጠየቀው ክፍያም እየቀረበን ነው። አውሮፓ ድንበሯ ላይ የምታስከፍለው እንደ ብረት፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ባሉት ላይ ነው፤ ቡና የለበትም። መርከቡ ግን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ወደቦች የሚገቡ ትልልቅ መርከቦች ለሚለቁት ካርቦን ይከፍላሉ፣ ወጪውንም ጭነቱ ላይ ይጨምሩታል።

ስለዚህ ሐምቡርግ ያለው ነጋዴ ከየት ልግዛ ሲል ዋጋና ጣዕም ብቻ አያይም። ማስረጃ የት ይቀለኛል ይላል። የብራዚል ትልቅ እርሻ በአንድ ካርታ ያልቃል። የእኛ አንድ መኪና ቡና ግን ከስንትና ስንት ገበሬ ማሳ የተለቃቀመ ነው።

ሕጉ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። እዚሁ ጅማ ዞን፣ «በለጠ-ገራ» በሚባለው ደን ያሉ ገበሬዎች በጃፓን ድጋፍ ተደራጅተው፣ ደን ጠብቆ ለተመረተ ሰብል ምስክር ከሚሰጠው ሬይንፎረስት አሊያንስ ከተባለ ድርጅት ለጫካ ቡናቸው ማረጋገጫ አግኝተው ነበር። ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ሲያወዳድሩ፣ ማረጋገጫ ያገኘው ደን ከሌላው በተሻለ ተጠብቆ አገኙት። ሩቅ አገር ሱቅ ውስጥ ይህን ማረጋገጫ ፍለጋ የቡና ፓኬት የሚያገላብጥ ሰው የገራን ዛፍ ከመጥረቢያ ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ገንዘቡ ገበሬው እጅ ከገባ።

ካልገባስ? ዙሪያችንን ማየት ነው። ቡና ተነቅሎ ጫት ይተከላል፣ ባህር ዛፍ ይተከላል። ጫቱን የካርታ ነጥብ አምጣ የሚለው የለም። እኚያን አባት ዛፉን ለምን እንዳልቆረጡት ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጥላ ከሌለ ቡናው ይቃጠላል» አሉኝ። ዛፉን ስለጠበቁ የተጨመረልዎት ነገር አለ ወይ ስላቸው፣ ባዶ ጆንያቸውን እያጠፉ «ሁሉም በኪሎ ነው» አሉ።

የገበሬው ጆንያ ከሚዛኑ ጀምሮ የራሱ ቁጥር ይኑረው። ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ላኪው ያንኑ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። የጫካውም ቡና ለብቻው ይቀመጥ፣ ለብቻው ዋጋ ይውጣለት። ለዚህ የሚወጣውን ወጪ ማስረጃውን የጠየቀው ገዢ ይክፈል እንጂ ከገበሬው ኪሎ ላይ አይቆረጥ። ጥቅምት ላይ ለቀማ ይጀመራል። ላኪዎች ከገዢዎቻቸው ጋር በዚህ ላይ መስማማት ያለባቸው ከዚያ በፊት፣ በዚህ ክረምት ነው።