እርማት፦ ትራንስፎርመር ማሳደግ ፌዝ አያመጣጥንም

ወንድሜ፣ «ጅማ ማታ ማታ አንዱ ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች አንዱ) የሚደክመው ትራንስፎርመሩ ስላነሰ ነው፤ ትልቅ ቢተከል ያልቃል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም።

እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር አንድ ግቢ ማታ ስለካ አንዱ ፌዝ 184፣ ሌሎቹ 226 እና 229 ቮልት ነበሩ። ችግሩ የትራንስፎርመሩ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አብረው ይወርዱ ነበር። እዚህ ግን ብዙ ቤት በአንዱ ፌዝ ላይ ተደርድሯል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 15 አምፒር ገደማ ይስባል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አስሩ ምጣድ አንድ ፌዝ ላይ ሲወድቅ አስበው!

መፍትሄው በጭነት ሰዓት የየፌዙን አምፒር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚለካ መሣሪያ) መለካት፣ ከዚያ የተወሰኑ ቤቶችን ወደ ቀለለው ፌዝ ማዛወር ነው። ኒውትራሉም (ሦስቱ ፌዞች የሚጋሩት የመመለሻ ሽቦ) ይታይ። ከላላ ወይም ከተበጠሰ የአንዱ ቤት ቮልቴጅ ወርዶ የሌላው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቲቪና ፍሪጅ የሚያቃጥለው ይሄ ነው።

የቡና መፈልፈያ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። በፌዞቹ መካከል ጥቂት ፐርሰንት የቮልቴጅ ልዩነት በባለሦስት ፌዝ ሞተር ውስጥ ብዙ እጥፍ የአምፒር ልዩነት ይፈጥራል፤ ጥቅልሉ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ምሰሶ ላይ ግን ራሳችሁ እንዳትወጡ፤ ማዛወሩ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሥራ ነው።